ሦስቱ ሰንበሌጦችና ስም የዋጠው ዳኛ

ተረት ተረት!

«የመሰረት!»

ደግ። ከኋላ ያላችሁት አልጮኻችሁም፤ ግድ የለም፣ ጭራቁ ሲመጣ ትጮኻላችሁ።

በድሮ ጊዜ፣ ሽማግሌው ሁሉ ብልህ፣ ዳኛው ሁሉ ጻድቅ፣ ጎረቤቱ ሁሉ የሚዋደድ ነበር በሚባልበት ጊዜ፣ ሰንበሌጥ የምትባል አንዲት ትንሽ ወንዝ ነበረች። ትንሽ ናት ስል በጣም ትንሽ ናት። ፍየል ትዘላታለች። ዶሮ ግን አትዘላትም፤ ስለዚህ ወንዝ ናት።

በዚህች ወንዝ ዳር ሦስት መንደሮች ነበሩ። ከላይ ያለው መንደር ሰንበሌጥ ይባላል። ከመሀል ያለውም ሰንበሌጥ ይባላል። ከታች ያለውም፣ አዎ፣ ሰንበሌጥ ይባላል። ስም ለማውጣት ብዙ የደከመ ሰው አልነበረም። ሰዎቹ ግን ላይ ሰንበሌጥ፣ መሀል ሰንበሌጥ፣ ታች ሰንበሌጥ እየተባባሉ ይኖሩ ነበር። ወደ ቤቱ ሲሄድ የጠፋ ሰው የለም።

ወንዟ ደግሞ እንደ ሌላው ወንዝ ዝም ብላ የምትፈስ አልነበረችም። ካልጠሯት አትመጣም። ጠዋት በላይ ሰንበሌጥ ቀድማ ውሃ የምትወርደው ሴት እንስራዋን ታስቀምጥና «ሰንበሌጥ ሆይ!» ብላ ትጠራለች። ወንዟ «አቤት!» ትላለች። እየተንሿሿች ትወርዳለች። መሀል ስትደርስ የመሀሏ ሴት ትጠራታለች። «አቤት!» ትላለች፤ ትወርዳለች። ታች ስትደርስ የታቿ ሴት ትጠራታለች። «አቤት!» ትላለች፤ ወደ ሜዳው ትሄዳለች። አንዷ ጠርታ ለሌላዋ ታሳልፋታለች። እንዲህ ነበር የምትፈሰው።

ልጅ ሲወለድ ደግሞ ወደ ወንዟ ዳር ይወስዱታል። ስሟን በጆሮው ቀስ ብለው ይሉለታል። ወንዟ «አቤት» ትላለች። ሕፃኑ ያን ሲሰማ ያዛጋል፤ ይተኛል። ካልሰማ አይተኛም። የዚያ አገር ሕፃን እንዲህ ነው፤ ምን ይደረግ።

አንድ ቀን ከሩቅ አገር አንድ እንግዳ ሙክት በግ እየጎተተ መጣ። የበጉ ላት ከስባቱ የተነሣ መሬት ይጠርጋል።

«ይህ በግ ለሰንበሌጥ ጭቃ ሹም ከወዳጁ የተላከ ነው» አለ እንግዳው። ጭቃ ሹም ማለት የመንደር አለቃ ነው።

«እኔ ነኝ» አሉ የላዩ ጭቃ ሹም አያ ደምለው።

«እኔ ነኝ» አሉ የመሀሉ ጭቃ ሹም አያ ቢያድግልኝ። ሮጠው ስለመጡ ጋቢያቸው አጥር ላይ ቀርቷል።

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለ?» አሉ የታቹ ጭቃ ሹም አያ አንሙት። የበጉን ጆሮ ቀድመው ይዘዋል።

ሦስቱ ተያያዙ። በጉ አንዱን አየ። ሌላውን አየ። ሦስተኛውን አየ። ከዚያ ጆሮውን አስለቀቀና ወደ ጫካ ገባ። ጅብ እንዳለ ያውቃል። ቢሆንም ጫካው ሳይሻለው አልቀረም።

በጉስ ሄደ። ጠቡ ግን እዚያው ቀረ፤ ከበጉም በላይ ወፈረ።

«ምንጩ ያለው ከእኛ ነው። ስሙ የላይ ነው» አሉ አያ ደምለው።

«የማንኛውም ነገር ልቡ መሀሉ ነው። ስሙ የመሀል ነው» አሉ አያ ቢያድግልኝ።

«ውሃው ከእናንተ ዘንድ ያልፋል እንጂ አያርፍም። የሚያርፈው ከእኛ ነው። ስሙ የታች ነው» አሉ አያ አንሙት።

ሦስቱም እውነታቸውን ነው። ለዚህ ነው ያልተስማሙት።

በዚያ ዘመን አንድ ደንብ ነበር። ሁለት ሰዎች ሲጣሉና የሚያምኑት ዳኛ ሲያጡ መንገድ ዳር ይቀመጣሉ። መጀመሪያ የሚያልፈውን መንገደኛ «በሕግ አምላክ፣ ዳኘን!» ይሉታል። መንገደኛው እምቢ አይልም። እነሱም ከማሉ በኋላ እሱን አንፈልግም አይሉም። ጥሩ ደንብ ነበር። መንገደኛው ሰው እስከሆነ ድረስ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መንገድ ዳር ተቀመጡ። ማሉ። ሕዝቡም ከሦስቱ መንደር ወጥቶ ከኋላቸው ቆመ።

መጀመሪያ ያለፈው ጭራቅ ነበር።

አሁን ጮኻችሁ! ደግ፣ ደግ።

ጥርሱ መጥረቢያ ያህላል። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ይሄዳል። አንድ ወይፈን እንደ ጫጩት በብብቱ ይዟል።

«ኧረ ጭራቅ ነው!» አለች አንዲት ባልቴት።

«ቢሆንስ?» አሉ አያ ደምለው። «ከማናችንም ጋር አይዛመድም።»

«ለማንም አያዳላም» አሉ አያ ቢያድግልኝ።

«ከበላም ሦስታችንንም እኩል ነው የሚበላን» አሉ አያ አንሙት።

ይህ ለሁሉም ትክክል መሰላቸው። ወንዶቹ አጨበጨቡ። ሴቶቹ እልል አሉ። ከሴቶቹ መሀል አንጓች የምትባል እርጉዝ ሴት ነበረች። ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ በእርግጫ መታት። እሷ ግን እልል አለች። ሌላው እልል ሲል ብቻን ዝም ማለት ይከብዳል፤ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ጭራቁ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ዳኛ ሆኖ አያውቅም፤ ነገር ግን መቀመጡን ወደደው።

«የተጣላችሁበት ነገር ምንድን ነው?»

«ስም ነው፣ ጌታው።»

«ይበላል?»

«አይበላም፣ ጌታው።»

«እሱን እኔ አያለሁ» አለ ጭራቁ። «ሕግ ልንገራችሁ። የተጣሉበት ነገር ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ በሦስተኛ ወገን እጅ ይቀመጣል። አምጡት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሕግ ያውቃል» ተባባሉ።

ጭራቁ አፉን ከፈተ። «ወደዚህ ግቡና በሉት» አለ። ሦስቱ ጭቃ ሹሞች ራሳቸውን ወደ አፉ አስገቡ። ጥርሱን እያዩ፣ ትንፋሹን እየሸተቱ፣ በአንድ ድምፅ «ሰንበሌጥ!» አሉ። ሦስቱ በአንድ ድምፅ ሲናገሩ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ራሳቸውን ሳያወጡ ባለመዝጋቱ በጣም አመሰገኑት።

ጭራቁ ስሙን ስልቅጥ አደረገው። አገሳ።

«ቀጠሮ!» አለ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስሙን መጥራት የሚችል ሰው ጠፋ። አፋቸውን ሲከፍቱ ንፋስ ብቻ ይወጣል፤ «ፍፍፍ»። እኔም ከዚህ በኋላ ልጠራላችሁ አልችልም። «ያቺ ወንዝ» እላለሁ። ስሙ ጭራቅ ሆድ ውስጥ ነው፤ ከየት ላምጣው?

በማግስቱ ጠዋት የላይ መንደሯ ሴት እንስራዋን አስቀመጠች። አፏን ከፈተች። «ፍፍፍ!» አለች። ያቺ ወንዝ ጠበቀች። ጨዋ ነች፤ እስከ እኩለ ቀን ጠበቀች። የሚጠራት ስታጣ ግን ከታች ጀምራ ራሷን እንደ ሰሌን ጠቀለለች። እየተጠቀለለች፣ እየተጠቀለለች፣ ወደ ላይ ወጣች። ተራራው ውስጥ ገብታ ተኛች። የቀረው ድንጋይ ብቻ ሆነ።

ሰዉ ውሃ ፍለጋ ወደ ሩቅ ኩሬ መሄድ ጀመረ። ኩሬው ጭቃ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን አልተጨነቁም። ጉዳዩ በሕግ ተይዟላ!

ወደ መጀመሪያው ቀጠሮ ሲሄዱ ለዳኛው እጅ መንሻ በሬ በሬ ነዱ። ጭራቁ በሬዎቹን በላና «ገብሱ ሲያሸት እፈርዳለሁ» አለ። ገብሱ ያለ ውሃ እንዴት ያሽት? ወደ ሁለተኛው ቀጠሮም በሬ በሬ ነዱ። «ላሞቹ ሲወልዱ እፈርዳለሁ» አለ። ላሞቹ ያለ ሣር እንዴት ይውለዱ? ሽማግሌዎቹ ከቀጠሮ ሲመለሱ ሕዝቡ ይጠይቃቸዋል።

«እንዴት ሆነ?»

«በጣም ጥሩ እየሄደ ነው» ይላሉ አያ ደምለው። «ዛሬ ስሜን ጠይቆኛል።»

«ለእኔ ሳቀልኝ» ይላሉ አያ አንሙት።

አያ ቢያድግልኝ ክንዳቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ይደብቃሉ። ጭራቁ ክንዳቸውን ሲዳብስ ቆይቶ ነበር።

አሁን ወደ አንጓች እንመለስ። አንጓች የታች ልጅ ናት። ያገባችው ላይ ነው። በአገራቸው የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነውና፣ መውለጃዋ ሲደርስ ከላይ ወደ ታች መንገድ ጀመረች። መሀል መንደር ስትደርስ ምጡ መጣ። አጥር ሥር ተቀምጣ ወለደች። ወንድ ልጅ ነበር።

ልጁ አለቀሰ። ደስ አላት። ወደ ደረቁ ወንዝ ዳር ወሰደችው። አፏን ወደ ጆሮው አስጠግታ «ፍፍፍ» አለች። ልጁ አለቀሰ። እንደገና «ፍፍፍ» አለች። ልጁ የባሰ አለቀሰ።

ልጁ አይተኛም። ስለማይተኛ አይጠባም። ስለማይጠባ ከሳ። ለቅሶው ብቻ ነው የወፈረው። እንዲህ ከቆየ ይሞታል። ይህን አንጓች አወቀች።

ባሏ አጠገቧ የለም። ለዳኛው የሚሆን በሬ ሊፈልግ ሌላ አገር ሄዷል። ስለዚህ ልጇን ይዛ ወደ አያ ደምለው ሄደች።

«አባቴ፣ ልጄ ሊሞትብኝ ነው። ስሙን አስመልሱልኝ።»

«የት ነው የወለድሽው?»

«መሀል።»

«እንግዲያ የመሀል ልጅ ነው። እነሱ ያስተኙት።»

ወደ አያ ቢያድግልኝ ሄደች።

«አባቱ የየት ሰው ነው?» አሉ።

«የላይ።»

«ያው ተመልከቺ። እኛ የሰጠነው አጥሩን ብቻ ነው።»

ወደ ተወለደችበት፣ ወደ አያ አንሙት ሄደች። እሳቸው አዘኑላት፤ ከንፈራቸውንም መጠጡላት።

«አንቺማ ልጃችን ነሽ» አሉ። «ልጁ ግን እንግዳ ነው። ደግሞ ጉዳዩ በቀጠሮ ላይ ነው። በቀጠሮ ላይ ያለ ነገር አይነካም።»

ሦስቱም መንደሮች አንድ ስም ብቻችንን እንያዝ ብለው ነበር። አሁን አንድ ሕፃን ለመያዝ ሦስቱም ጠበቡ።

አንጓች ደረቁ ወንዝ ዳር ተቀመጠች። «በዚያን ቀን እልል ብያለሁ» አለች ለራሷ። «እኔም አለሁበት።» ከዚያ ልጇን በአንቀልባ አዘለች። ወደ ጭራቁ ዘንድ ልትሄድ ተነሣች።

በወንዙ ድንጋይ መሀል ስትሄድ አንዲት እንቁራሪት አገኘች። እንቁራሪቷ ደርቃ ቅጠል መስላለች።

«ያን ቀን እልል ያለው ማን ነው?» አለች እንቁራሪቷ።

«ሌሎችም ነበሩ። እኔም ነበርኩ።»

«እሰይ። 'እኔም ነበርኩ' የሚል ሰው ገና ዛሬ አገኘሁ። ሽማግሌዎቹን ብጠይቅ 'እንቁራሪት በጉዳዩ አያገባትም' አሉኝ። የምኖረው ውሃው ውስጥ ነበር።»

እንቁራሪቷ አፏን ከፈተች። ምላሷ ሥር አንዲት ጠብታ ውሃ ነበረች።

«ይህች የያቺ ወንዝ ናት። ሌላ የለኝም። ስም ሲወጣ የሚያርፍበት ውሃ ያስፈልገዋል። ያዢያት።»

አንጓች ጠብታዋን በትንሽ ቅል ተቀበለች፤ ክዳኑን ገጠመች። «አንቺስ?» አለቻት።

«እኔ ጭቃ እየላስኩ እጠብቃለሁ። ፍጠኚ ብቻ። እንደ ሽማግሌዎቹ አትሁኚ።»

አንጓች ወደ ጭራቁ ኮረብታ የሚወስደውን መንገድ ያዘች። መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው። ሄደች፣ ሄደች፤ ከቤቷ ደጃፍ ደረሰች። ተመልሳ ሄደች። ሄደች፣ ሄደች፤ ከቤቷ ደጃፍ ደረሰች። ሦስተኛ ጊዜም ሄደች። ያው ደጃፍ፣ ያው መቀነት የተንጠለጠለበት ችካል። ልጇ በጀርባዋ ላይ ያለቅሳል።

መንገድ ዳር አንድ ሸርጣን እያያት ይስቅ ነበር።

«ምን ያስቅሃል?»

«ይህ መንገድ በሬ ለሚነዳ ሰው ቀጥ ያለ ነው» አለ ሸርጣኑ። «ባዶ እጁን ለሚመጣ ግን ይጠመዘዛል። ጭራቁ ነው እንዲህ ያበጀው። ባለጉዳይ ሁሉ ቢመጣበት መቼ ይተኛል?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እንደኔ በጎን ሂጂ። መንገዱ በጎን የሚሄድ ሰው አያውቅም። ይሳቅብሻል፤ ግን ትደርሻለሽ።»

አንጓች በጎኗ መሄድ ጀመረች። ያዩዋት ሰዎች ሳቁባት። መንገዱ ግን አላወቃትም፤ አልተጠመዘዘባትም። ከኮረብታው ሥር ደረሰች።

እዚያ አንዲት አሮጊት የአኻያ ዛፍ ነበረች። ቅጠሏ ረግፏል።

«ልትለምኚው ነው የመጣሽው?» አለቻት አኻያዋ።

«አዎ፣ እናቴ።»

«አትለምኚው። የለመነው ሁሉ ያገኘው ቀጠሮ ነው። ጦር አምጥተሽ ሆዱን ብትቀድጂውም አይሆንም። የተዋጠ ስም የሚወጣው በዋጠው አፍ ብቻ ነው፤ እሱ ራሱ ልናገረው ሲል።»

«እሱ እንዴት ልናገረው ይላል?»

አኻያዋ መልስ ልትሰጣት ነበር። ልጁ ግን በዚያች ሰዓት እሪ አለ። ዛፏ ከሥሯ እስከ ጫፏ ተንቀጠቀጠች።

«አወይ ልጄ!» አለች። «እኔ ዛፍ ሆኜ እንኳ ልሽሽ ልሽሽ አሰኘኝ።»

አንጓች ዛፏን አየች። ልጇን አየች። ፈገግ አለች። ኮረብታውን ወጣች።

ያን ቀን ሦስተኛው ቀጠሮ ነበር። ጭራቁ ሦስት በሬ በልቶ፣ ዓይኑ እየተከደነ፣ ለእንቅልፍ ተዘጋጅቷል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ፊቱ ቆመው ስለ ምንጭ፣ ስለ ልብና ስለ ማረፊያ ይናገራሉ። ይህ ለጭራቁ ጥሩ የእንቅልፍ መድኃኒት ነበር።

መጀመሪያ የደረሰው ለቅሶው ነው። አንጓች ከኋላው መጣች።

ጭራቁ ዓይኑን ከፈተ። «ይህ ምንድን ነው?»

«ልጅ ነው፣ ጌታዬ።»

«ዝጊው!»

«መዝጊያ የለውም፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያ አምጪው፤ ልብላው!»

አንጓች አንቀልባዋን ጠበቅ አደረገች። ድምፅዋን ግን አልለወጠችም።

«ይብሉት፣ ጌታዬ። ግን ይህ ልጅ የትም ቢገባ ያለቅሳል። ሆድዎ ውስጥም ያለቅሳል። አሁን ቢመርርዎት ወደ ደጅ ያስወጡታል። ከሆድዎ ግን በየት በኩል ያስወጡታል?»

ጭራቁ አሰበ። ማሰብ አልለመደም፤ አመመው። ሆዱን ዳበሰ። እውነቱን ለመናገር የዋጠው ስም ራሱ ሆዱ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ እያለ አስቸግሮት ነበር። በላዩ ላይ ለቅሶ መጨመር አልፈለገም።

«ማር አምጡ!» አለ።

ማር መጣ። ጭራቁ ሙቀጫ በሚያህል ጣቱ አላሰው። ልጁ ማሩን ላሰ። ከዚያ በማር በራሰ ጉሮሮ አለቀሰ። ድምፁ ጠራ።

«እናንተ!» አለ ጭራቁ ሽማግሌዎቹን። «እሹሩሩ በሉት!»

«ጌታው፣ ልጁ የተወለደው መሀል ስለሆነ በመጀመሪያ እነሱ...» አሉ አያ ደምለው።

ጭራቁ ጥርሱን አሳያቸው።

«እሹሩሩ፣ እሹሩሩ» አሉ አያ ደምለው በቀጭን ድምፅ። አያ ቢያድግልኝ በመካከለኛ ድምፅ ገቡ። አያ አንሙት በወፍራም ድምፅ ተከተሉ። ሦስቱም የሚያውቁት ዜማ የተለያየ ነበር። ልጁ ተገርሞ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዝም አለ። ከዚያ የሰማውን አስታወሰና ከበፊቱ የባሰ እሪ አለ።

ጭራቁ ሁለት የጭድ ክምር አንሥቶ ሁለት ጆሮውን ደፈነ። ለቅሶው በጭዱ መሀል አልፎ ገባ። ከጥርሱ እስከ ጥፍሩ ነዘረው። ሦስት በሬ በልቶ መተኛት ያልቻለ ጭራቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የታችኛው ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«እንቅልፌን!» አለ። «በእናንተ አገር ልጅ የሚተኛው በምንድን ነው?»

አንጓች ስሙን ስጡኝ ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። አኻያዋ ያለቻት ትዝ አላት። ዋጠችው።

«ይተዉት፣ ጌታዬ» አለች። «የሚያስተኛው አንድ ቃል ነው። ያንን ቃል መናገር የሚችል ግን በምድር ላይ የለም።»

«የለም?» ጭራቁ ተነሣ። «የለም ነው ያልሽው?»

«ደግሞ በጆሮው፣ በጣም በቀስታ ነው የሚባለው። ትልቅ አፍ ያለው አይሆንለትም።»

«እኔ ነኝ የማይሆንልኝ?»

ያኔ ሦስቱ ሽማግሌዎች በአንድ ላይ ዘለሉ። «በሕግ አምላክ!» አሉ። «ፍርድ ሳይሰጥ አደራው አይወጣም!»

«ከወጣም የሚወጣው ለላይ ነው!»

«ለመሀል ነው!»

«ለታች ነው!»

ልብ በሉ። ስሙ ሊወጣ አንድ ከንፈር ቀርቶታል፤ የሚከለክሉት የስሙ ባለቤቶች ናቸው።

«ዝም በሉ!» አለ ጭራቁ። «ልጁ ሊተኛልኝ ነው!»

ጎንበስ አለ። ያን የሚያህል አፉን አሞጠሞጠው። አንጓች ልጇን ይዛ አልሸሸችም። ትንፋሹ ፀጉሯን በተነው። ቅሉን ከልጇ ጆሮ አጠገብ አድርጋ ክዳኑን ከፈተች።

ጭራቁ በጣም በቀስታ፣ «ሰንበሌጥ» አለ።

አያችሁ? አሁን እኔም ልላት ቻልኩ። ሰንበሌጥ! እናንተም በሉ። ሰንበሌጥ! ጎሽ።

ስሙ ከጭራቁ አፍ ወጥቶ ቅሉ ውስጥ ወደቀ። ጠብታዋ ላይ አረፈ። ጠብታዋ «አቤት!» አለች። ቅሉ ተሰንጥቆ ሁለት ሆነ። ተራራው ውስጥ የተኛችው ወንዝ ነቃች። «አቤት! አቤት!» እያለች የተጠቀለለችውን ሰሌን ዘረጋችው። ከተራራው ወጥታ በጭራቁ ኮረብታ በኩል ወረደች።

ልጁ ያንን ሰማ። አዛጋ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ተኛ።

ጭራቁ አፉን በሁለት እጁ ያዘ። ምን ዋጋ አለው? ሆዱ እንደ ባዶ ስልቻ ተሸበሸበ። ወንዟ ጠለፈችውና እያንከባለለች ወሰደችው። ላይ ሰንበሌጥ ሲደርስ ሰዉ ወጣ።

«ይህ የመሀል ጭራቅ ነው፤ የእኛ አይደለም!» አሉ የላዮቹ።

«የታች ነው!» አሉ የመሀሎቹ።

«ከላይ ነው የመጣው!» አሉ የታቾቹ።

ከሕፃኑ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ሦስቱም መንደሮች «የእኔ ነው» ያላሉት ነገር ተገኘ። ውሃው ጭራቁን ወደ ሜዳው ወሰደው። ከዚያ ወዲያ ዳኛ አልሆነም ይላሉ። እኔ እርግጠኛ አይደለሁም።

እንቁራሪቷ እስከ አንገቷ ውሃ ውስጥ ገብታ ዘፈነች። ሸርጣኑ በጎኑ ጨፈረ። አኻያዋ ቅጠል አወጣች።

ሽማግሌዎቹስ? ሽማግሌዎቹ እርጥብ ጋቢያቸውን አስጥተው በማግስቱ ወንዙ ዳር ተሰበሰቡ። ለማመስገን አይምሰላችሁ።

«ስሙ ወጥቷል። ጥሩ» አሉ አያ ደምለው። «ግን ለማን ነው የወጣው?»

«ፍርድ አልተሰጠም!» አሉ አያ ቢያድግልኝ።

«ሌላ መንገደኛ እንጠብቅ!» አሉ አያ አንሙት። መንገዱን ማየት ጀመሩ።

ድምፃቸው እየጨመረ ሄደ። አንጓች ከአጠገባቸው ልብስ ታጥባለች። ልጇ አጠገቧ በተዘረጋው አንቀልባ ላይ ተኝቷል። ሽማግሌዎቹ ሲጮኹ የልጁ የታችኛው ከንፈር ተንቀጠቀጠች። አንጓች አየቻት። ልብሷን ተወች። ልጁን አነሣችና በአያ ደምለው ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ይያዙልኝ፣ አባቴ» አለች። «ይዘው ይከራከሩ። ከእርስዎ በኋላ ለአያ ቢያድግልኝ፣ ከእሳቸው በኋላ ለአያ አንሙት ያሳልፉት።»

አያ ደምለው እንደ ድንጋይ ደረቁ። ያን ለቅሶ ያውቁታል። «ስሙ የእኛ...» አሉ በቀስታ። የልጁ ከንፈር ተንቀጠቀጠች። «...የሁላችንም ነው» አሉ ቶሎ ብለው። የልጁ ከንፈር ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ልጁን በሁለት እጃቸው፣ እንደ እንቁላል፣ ለአያ ቢያድግልኝ አሳለፉት። አያ ቢያድግልኝ «የሁላችንም ነው» አሉና ለአያ አንሙት አሳለፉት። አያ አንሙት ከመንገዱ ላይ ዓይናቸውን አነሡ። ልጁን አዩ። «የሁላችንም ነው» አሉ። ከዚያ ሦስቱም በእግራቸው ጣት እየተራመዱ ወደየቤታቸው ሄዱ።

የልጁን ስም ሦስቱ መንደሮች ተሰብስበው ዳኜ አሉት። ከእሱ በፊት ያን የመሰለ ፍርድ የሰጠ አልነበረማ። ከዚያ ጀምሮ በዚያ አገር ስለ ስሙ መከራከር የሚፈልግ ሰው ሁሉ የተኛ ሕፃን ታቅፎ ይከራከራል። ደንብ ነው። እስካሁን ጉዳዩን ያነሣ የለም።

ሙክቱም አንድ ጊዜ ውሃ ሊጠጣ ከጫካ ወጥቶ ነበር። ከስቷል። ሦስቱን ሽማግሌዎች ከሩቅ አያቸው። ጠጥቶ ተመለሰ። በግ ቶሎ አይረሳም።

እንግዲህ ልጆች፣ የተረቱ ትምህርት ይህ ነው። ስም ብዙ ሰው ስለጠራው አያልቅም። ወንዝ ግን ከላይ የጠራት ሰው ከታች ላለው ካላሳለፋት ትቆማለች። ዳኛ ስትመርጡ ዘመድ እንደሌለው ብቻ አትዩ፤ ጥርሱንም እዩ። ሌላው እልል ሲል ደግሞ እልል ከማለታችሁ በፊት የሚዋጠው ምን እንደሆነ ጠይቁ።

ተረቴን መልሱልኝ። ስሙን ግን አትዋጡት፤ ጠርታችሁ ለጎረቤት አሳልፉት።